ምርጥ ከሆኑ ለምን ይከፍላሉ? የቴክኖሎጂ ግዙፎችና የገበያ የበላይነት ጥያቄ ሲዳሰስ

ጉግል በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ለሌሎች ኩባንያዎች ከፍሏል። ከተቀባዮቹ መካከል አፕል፣ ሳምሰንግ፣ የፋየርፎክስ ባለቤት የሆነው ሞዚላና ትልልቆቹ የአሜሪካ ቴሌኮሞች ይገኙበታል። በዚህ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ የለም። ክፍያው አንድ ሰው አዲስ ስልክ ከካርቶኑ አውጥቶ ሲከፍት፣ በመፈለጊያዋ ጠባብ ሣጥን የሚጽፈው ጥያቄ ሁሉ ማንም ሳይጠይቀው ቀጥታ ወደ ጉግል እንዲሄድ ነው። በ2022 ለአፕል ብቻ የተከፈለው ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። (ከኢትዮጵያ አዋጆች በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህን ቁጥሮች ያወቅናቸው ኩባንያዎቹ ስለነገሩን አይደለም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በጥቅምት 2020 በጉግል ላይ ክስ መሥርቶ፣ ጉዳዩ በመስከረም 2023 ዋሽንግተን ዲሲ ችሎት ፊት ሲሰማ የወጡ ናቸው። ጉግልም አፕልም የውላቸው ዝርዝር በዝግ እንዲታይ ብዙ ተከራክረዋል። አንዱን ምስጢር ግን ያወጣው ራሱ ጉግል ያቀረበው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነበር፤ በአፕል ብሮውዘር በኩል ከሚገኘው የፍለጋ ማስታወቂያ ገቢ 36 በመቶው ለአፕል እንደሚሰጥ በግልጽ ችሎት ተናገረ። አንዴ ከአፍ የወጣ ነውና መመለሻ አልነበረውም።

ጉግል ከጥንት ጀምሮ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ሰው የሚጠቀምብን ስለምንሻል ነው ይላል። እውነትም ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ዳኛውም ጭምር ጥራቱን አልካዱም። ታዲያ ሰው ወዶና ፈቅዶ የሚመርጠው አገልግሎት ለመመረጥ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣው ለምንድን ነው? ስለ ቴክኖሎጂ ግዙፎች የሚካሄደው የሩብ ምዕተ ዓመት ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚህ ጥያቄ ላይ ይመስለኛል። የመጠን ክርክር አድርገው የሚያቀርቡት አሉ፤ አይደለም። ነገሩ በር ይዞ በዚያው በር ከሚገቡት ነጋዴዎች ጋር መነገድ ነው። ሕጉ ደግሞ በሩ ላይ የሚደርሰው ገበያተኛው ከተበተነ በኋላ ነው።

ዳኛ አሚት መህታ ነሐሴ 5 ቀን 2024 በሰጡት ውሳኔ ጉግል በፍለጋ ገበያው ብቸኛ የበላይነት እንዳለውና ይህንኑ ለማስጠበቅ ሕግ እንደጣሰ ወሰኑ። በ2020 በአሜሪካ ከተደረገው ጠቅላላ የፍለጋ ጥያቄ 90 በመቶ የሚጠጋው፣ በስልክ ላይ ደግሞ 95 በመቶ የሚጠጋው የጉግል ነበር። ከማስረጃዎቹ ሁሉ ለእኔ ጎልቶ የታየኝ ስለ ማይክሮሶፍት የተነገረው ነው። ኤጅ በሚባለው የማይክሮሶፍት ብሮውዘር ላይ ቀድሞ ተሞልቶ የሚመጣው መፈለጊያ ቢንግ ነው፤ በዚያ ብሮውዘር ከሚደረገው ፍለጋ 80 በመቶ ያህሉ የሚሄደውም ወደ ቢንግ ነው። ያው በሌላ ቦታ ሁሉ ጉግልን የሚጠቀመው ሕዝብ፣ ሣጥኗ በሌላ ስትሞላ ሌላውን ይጠቀማል። መቀየር ይቻላል፣ ክልከላም የለም። ግን አብዛኛው ሰው አይቀይርም፤ መቀየር እንደሚቻል የማያውቀውም ጥቂት አይደለም። ግዙፎቹ ይህን የሰው ጠባይ ከማንም በፊት አውቀውታል፣ ዋጋም አውጥተውለታል።

የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስኪያጅ ሳትያ ናዴላ ራሳቸው ምስክር ሆነው ቀርበው፣ አፕል ቢንግን ቢቀበል ኩባንያቸው በዓመት እስከ 15 ቢሊዮን ዶላር ለመክሰር ዝግጁ እንደነበር ተናግረዋል። አፕል ግን አልተቀበለም። ለምን ይቀበል? ከጉግል የሚመጣው ገንዘብ ያለ ምንም ድካም የሚገባ ነው። ዙሩ የሚሄደው እንዲህ ነው፤ ገንዘቡ በሩን ይገዛል፣ በሩ ተጠቃሚ ያመጣል፣ ተጠቃሚው በየሰከንዱ በሚጠይቀው ጥያቄ መረጃ ይሰጣል፣ መረጃው አገልግሎቱን ያሻሽላል፣ የተሻሻለው አገልግሎት ማስታወቂያ ይሸጣል፣ የማስታወቂያው ገቢ ደግሞ ለከርሞ በር መግዣ ይሆናል። ስለዚህ «ስለምንሻል ነው» የሚለው መልስ ውሸት ነው ባይባልም ግማሽ መልስ ነው፤ የሚሻሉት ከፊሉ በሩ በእጃቸው ስላለ ነውና።

እዚህ ላይ ሕጉ የሚለውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሕግ ትልቅ መሆን ወንጀል አይደለም፤ ብቸኛ መሆንም ብቻውን አያስጠይቅም። በ1890 የወጣው የሸርማን ሕግ የሚከለክለው የበላይነትን በሌላው ኪሳራ ለማግኘት ወይም ለማስጠበቅ የሚደረገውን ሥራ ነው። በዚሁ ሕግ የሮክፌለር ስታንዳርድ ኦይል በ1911 ወደ 34 ኩባንያዎች ተበትኗል። የስልኩ ግዙፍ ኤቲ ኤንድ ቲም ከረጅም ክርክር በኋላ በ1984 ሰባት የአካባቢ ኩባንያዎችን ከራሱ እንዲነጥል ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ግን ነፋሱ ተቀየረ። ሮበርት ቦርክ የተባሉ የሕግ ሰው በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የውድድር ሕግ ዓላማ የሸማቹ ጥቅም ብቻ ነው ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቶች ይህን ሐሳብ ተቀበሉ፤ በተግባር ሲተረጎም ዋጋ ካልጨመረ ጉዳት የለም ወደ ማለት ደረሰ።

ነፃ አገልግሎት የሚሰጥ ኩባንያ በዚህ ሚዛን ምን ይወጣለታል? ፌስቡክ አያስከፍልም፣ ጉግል አያስከፍልም። ዋጋው ዜሮ የሆነ ነገር ተወደደ ማለት አይቻልም። ሊና ካን ገና የዬል የሕግ ተማሪ ሳሉ በ2017 ስለ አማዞን ያወጡት ጥናት የተነበበው ይህን ክፍተት ስለነካ ነው፤ ርካሽ ዋጋ ራሱ የገበያ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ከአራት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆኑና በመስከረም 2023 ከ17 ክፍላተ ሀገር ጋር አማዞንን ከሰሱት። ያ ክስ ገና ችሎት አልተሰማም፤ ቀጠሮው ለ2027 ነው። አማዞን መደብሩን ከፍቶ ሌሎች ነጋዴዎችን ያስገባል፣ እሱም እዚያው ይሸጣል፣ በሌላ ቦታ በርካሽ የሚሸጠውን ነጋዴ ደግሞ ከፍለጋው ዝቅ ያደርጋል የሚለው ክስ እውነትነቱ የሚለየው ያኔ ነው።

የዛሬዎቹ ጉዳዮች ሁሉ አባት የማይክሮሶፍት ክስ ነው። በግንቦት 1998 የተመሠረተው ክስ ጭብጡ ቀላል ነበር፤ ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ያለውን የበላይነት ተጠቅሞ ኔትስኬፕ የተባለውን ብሮውዘር አንቆ ገደለ የሚል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ከዊንዶውስ ጋር አሰረ፣ ኮምፒውተር ሠሪዎች እንዳያነሱት በውል ያዘ። ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በሰኔ 2000 ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል አዘዙ። በቀጣዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሕግ መጣሱን አጸና፣ መክፈሉን ግን ሻረ፤ ዳኛው ከችሎት ውጪ ለጋዜጠኞች ያወሩት ነገርም ዋጋ አስከፍሏቸዋል። በመጨረሻ በስምምነት አለቀ። ኔትስኬፕ ከዚያ በፊት ገበያውን ተነጥቆ ነበር።

ያ ክስ ከንቱ ነበር የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ማይክሮሶፍት በእነዚያ ዓመታት ጠበቃ ሳያማክር እርምጃ የማይራመድ ኩባንያ ሆኖ ነበር። ክሱ በተመሠረተበት በዚያው ዓመት በመስከረም አንድ ትንሽ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ስሙ ጉግል ይባላል። ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ብሮውዘር ያን ጊዜ ማንንም በነፃ ወደ ጉግል ባያስገባ ኖሮ፣ ዛሬ የበር ገንዘብ የሚከፍለው ኩባንያ ራሱ በሩ ላይ ቀርቶ ነበር። ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ታውቃለች።

ወደ አፕል እንምጣ፤ እዚህ ነገሩ በዓይን የሚታይ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። አይፎን ላይ መተግበሪያ የሚገባው በአንድ መደብር ብቻ ነበር፤ በመተግበሪያው ውስጥ ለሚሸጥ ዲጂታል ዕቃም አፕል እስከ 30 በመቶ ይወስዳል። ከ10 ዶላር 3 ዶላር ማለት ነው። የፎርትናይት ጨዋታ ባለቤት ኤፒክ ነሐሴ 13 ቀን 2020 በመተግበሪያው ውስጥ የራሱን መክፈያ አስገባ፤ አፕል በዚያው ዕለት ጨዋታውን ከመደብሩ አወጣ፤ ኤፒክም በዚያው ዕለት ከሰሰ። ዳኛ ኢቮን ጎንዛሌዝ ሮጀርስ በ2021 አፕል በፌዴራሉ ሕግ ብቸኛ የበላይ መሆኑ አልተረጋገጠም አሉ። አንድ ነገር ግን አዘዙ፤ ነጋዴው ለደንበኛው «ከመደብሩ ውጪ በርካሽ ታገኘዋለህ» ብሎ እንዳይነግረው የሚከለክለው ደንብ ይነሳ አሉ።

አፕል ታዘዘ። እንዴት እንደታዘዘ ግን መታየት አለበት። ነጋዴው ወደ ራሱ ድረ ገጽ የሚወስድ ማገናኛ እንዲያስቀምጥ በጥር 2024 ፈቀደ፤ ከዚያም ያንን ማገናኛ ተጭኖ የወጣ ደንበኛ ከሚፈጽመው ግዢ ነጋዴው 27 በመቶ እንዲከፍለው ደነገገ። የካርድ ክፍያ ድርጅቶች በበኩላቸው የራሳቸውን ጥቂት በመቶ ይወስዳሉ፤ ሲደመር ያው 30 ነው ወይም ይበልጣል። በዚያ ላይ ደንበኛው ማገናኛውን ሲጫን ሙሉ የስልኩን ገጽ የሚሸፍን ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል፤ ከአፕል እየወጣህ ነው፣ ከዚህ በኋላ ለሚሆነው አፕል ተጠያቂ አይደለም የሚል መንፈስ ያለው። በፍርድ ቤቱ ሰነድ የአፕል ሠራተኞች ይህን ማስጠንቀቂያ ሲጽፉ የትኛው ቃል ይበልጥ ያስፈራል ብለው ሲመካከሩ ይታያሉ። አለቆቹ ይወዱታል ያለም አለ። ዳኛዋ ሚያዝያ 30 ቀን 2025 አፕል ትእዛዙን ሆን ብሎ እንደጣሰ ወስነው፣ አንድ የፋይናንስ ኃላፊው በመሐላ ዋሽቷል ብለው፣ ጉዳዩን ለወንጀል ዐቃቤ ሕግ መሩት። ፎርትናይት በወሩ ወደ አሜሪካው መደብር ተመለሰ፤ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።

ይህን ያነሳሁት አፕል ከሌሎቹ የባሰ ስለሆነ አይደለም። ፍርድ ቤት ያዘዘው ነገር በቃሉ ተፈጽሞ በመንፈሱ እንዴት እንደሚከሽፍ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ስለሌለ ነው።

የማስታወቂያው ገበያ ለመረዳት የሚከብድ ቢመስልም በመርካቶ ቋንቋ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ሰው የሻጩም ደላላ፣ የገዢውም ደላላ ቢሆን፣ በዚያ ላይ የሚገበያዩበት አዳራሽ የራሱ ቢሆን፣ ሚዛኑን የሚይዘውም እሱ ቢሆን፣ ኮሚሽኑ ተገቢ ነው አይደለም ብሎ ማን ይጠይቀዋል? ጉግል በድረ ገጾች ማስታወቂያ ያለው ቦታ ይህንን ይመስላል። ደብልክሊክ የተባለውን ኩባንያ በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ግዢውን በ2008 ካጠናቀቀ ወዲህ፣ ድረ ገጽ ባለቤቱ ቦታውን የሚሸጥበት መሣሪያም፣ ጨረታው የሚካሄድበት መገበያያም የእሱ ሆነ፤ በመገበያያው ከሚያልፈው ገንዘብም 20 በመቶ ይወስዳል። ከራሱ ሠራተኞች አንዱ በውስጥ ኢሜይል፣ ይህ ትልቅ ባንክ የኒውዮርክን የአክሲዮን ገበያ ቢይዝ ማለት አይደለም ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ዳኛ ሊዮኒ ብሪንከማ በሚያዝያ 2025 ጉግል በሁለቱ ገበያዎች በሕገ ወጥ መንገድ የበላይነት ይዟል፣ ሁለቱንም አስሮ ሸጧል ብለው ወሰኑ። በማስታወቂያ አስነጋሪዎች በኩል የቀረበውን ሦስተኛ ክስ ግን አልተቀበሉትም። ከዚህ ገበያ የሚኖሩት ጋዜጦች ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ የተቆረጠው 20 በመቶ ከየዜና ክፍሉ የተቆረጠ ደመወዝ ነው።

ተቀናቃኝን መግዛት ሌላው መንገድ ነው። ፌስቡክ ኢንስታግራምን በ2012 በ1 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ኢንስታግራም 13 ሠራተኞች ነበሩት። በ2014 ዋትሳፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ማርክ ዙከርበርግ ከመወዳደር መግዛት ይሻላል የሚል ሐሳብ በኢሜይል የጻፉት ከዚያም በፊት፣ በ2008 ነው። ሁለቱንም ግዢዎች የአሜሪካም የአውሮፓም ተቆጣጣሪዎች አይተው አሳልፈዋል። በዋትሳፕ ጊዜ ፌስቡክ የሁለቱን አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማጣመር በቴክኒክ አይቻለኝም ብሎ ለአውሮፓ ኮሚሽን ነግሮ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ማጣመር ጀመረ። ኮሚሽኑ በ2017 በማሳሳቱ 110 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ግዢው ግን እንዳለ ቀረ።

በኅዳር 2025 ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ዳኛ ጄምስ ቦስበርግ፣ የአሜሪካ መንግሥት የፌስቡክ ባለቤት በሆነው ሜታ ላይ ያቀረበውን ክስ ውድቅ አደረጉ። ጥያቄያቸው ሜታ ያኔ ምን አደረገ የሚል አልነበረም፤ ዛሬ ብቸኛ የበላይ ነው ወይ የሚል ነበር። ቲክቶክና ዩቲዩብ ባሉበት አይደለም አሉ። አሜሪካውያን ፌስቡክ ላይ ከሚያጠፉት ጊዜ የጓደኛን ጽሑፍና ፎቶ የሚያዩበት 17 በመቶውን፣ በኢንስታግራም 7 በመቶውን ብቻ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው የማያውቁት ሰው ቪዲዮ ነው። ይህ ፍርድ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ግዙፎቹን የሚከላከሉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚሉት ይኸንኑ ነው፤ ማይስፔስን ፌስቡክ ጣለው፣ ኖኪያን አይፎን ጣለው፣ ፌስቡክን ራሱን ከቻይና የመጣ ኩባንያ አስደነገጠው፣ ገበያው ራሱን ያርማል ይላሉ።

በከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን ቲክቶክ የገባው ባለቤቱ ባይትዳንስ ለማስታወቂያ የሚረጨው ብዙ ገንዘብ ስለነበረው ነው። ባለ ብዙ ገንዘብ ያልሆነው ተወዳዳሪ ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ቫይንን ማስታወስ ይበቃል፤ የትዊተር የአጭር ቪዲዮ መተግበሪያ በጥር 2013 በወጣበት ቀን ፌስቡክ ተጠቃሚዎቹ ጓደኞቻቸውን የሚፈልጉበትን መንገድ ዘጋበት። በ2012 የተገዛን ኩባንያ በዛሬው ገበያ መዝኖ መፍረድስ ለሕጉ መዘግየት ሽልማት መስጠት አይሆንም ወይ?

የመዘግየቱን ነገር አውሮፓ ይበልጥ ያሳያል። ባልና ሚስት ሆነው በእንግሊዝ ፋውንደም የሚባል ዋጋ ማወዳደሪያ ድረ ገጽ የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ድረ ገጹ በ2006 በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጉግል ውጤቶች ታች ወረደ፤ ከፍለጋ የማይገኝ ሱቅ ደግሞ የለም ማለት ነው። በ2009 ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አሉ። ኮሚሽኑ የራሱን የዋጋ ማወዳደሪያ እያስቀደመ ሌላውን ወደ ታች ጥሏል ብሎ ጉግልን 2.42 ቢሊዮን ዩሮ የቀጣው በ2017 ነው። የመጨረሻው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ያጸናው በመስከረም 2024 ነው። ፋውንደም በ2016 ተዘግቷል። የጉግል እናት ኩባንያ የአልፋቤት የ2024 ገቢ 350 ቢሊዮን ዶላር ነበርና፣ ለቀን ሲካፈል አንድ ቢሊዮን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ቅጣቱ ለእንዲህ ያለ ኩባንያ የሦስት ቀን ገቢ ነው።

አውሮፓውያን ከዚህ ተምረው መንገድ ቀየሩ፤ በእኔ አስተያየት እስካሁን ከታዩት ሙከራዎች ትክክለኛው አቅጣጫ ይህ ነው። የዲጂታል ገበያዎች ሕግ የሚባለው ጥፋት እስኪፈጸምና እስኪረጋገጥ አይጠብቅም። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ 45 ሚሊዮን ወርኃዊ ተጠቃሚና 10 ሺህ ነጋዴ ደንበኛ ያለውን፣ በገንዘብም የተወሰነ ልክ ያለፈውን መድረክ በር ጠባቂ ብሎ ይሰይማል። ከዚያ በኋላ የራስህን ዕቃ አታስቀድም፣ ነጋዴው ደንበኛውን ወደ ሌላ ቦታ እንዳይመራ አትከልክል፣ ከአንዱ አገልግሎት ያገኘኸውን መረጃ ያለ ፈቃድ ከሌላው አታጣምር የሚሉ ግዴታዎች በስድስት ወር ውስጥ ይያዙበታል። አልፋቤት፣ አማዞን፣ አፕል፣ ባይትዳንስ፣ ሜታና ማይክሮሶፍት በመስከረም 2023 ተሰየሙ፣ ቡኪንግ በቀጣዩ ዓመት ተጨመረ። ቅጣቱ እስከ ዓለም አቀፍ ገቢው 10 በመቶ ይደርሳል። በሚያዝያ 2025 አፕል 500 ሚሊዮን፣ ሜታ 200 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጡ።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። አፕል አንዳንድ አዳዲስ ነገሮችን ለአውሮፓ ደንበኞቹ እያዘገየ ጥፋቱን በሕጉ ያሳብባል፤ ሕጉ እንዲሻርም ጠይቋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በበኩላቸው ኩባንያዎቻችንን የሚቀጣ አገር ቀረጥ ይጠብቀዋል ብለዋል፤ የገበያ ጥያቄ የነበረው ነገር የዲፕሎማሲ ጥያቄ እየሆነ ነው። ቢሆንም ጃፓን በ2024 ስልኮችን የሚመለከት ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፣ እንግሊዝም የራሷን። ቻይና በ2021 ነጋዴዎችን «ከሁለት አንዱን ምረጡ» እያለ ያስገድድ የነበረውን አሊባባን 18.2 ቢሊዮን ዩዋን ቀጥታዋለች፤ እዚያ ግን የመንግሥት ቁጣና የውድድር ሕግ የሚለያዩበትን ድንበር ማግኘት ያስቸግራል።

አሜሪካስ? ዳኛ መህታ በመስከረም 2025 መፍትሔውን ሲወስኑ፣ መንግሥት የጠየቀውን፣ ክሮም የተባለውን የጉግል ብሮውዘር የማስሸጥ ሐሳብ አልተቀበሉም። ብቸኛ የሚያደርጉ ውሎችን ከለከሉ፣ ጉግል የተወሰነ መረጃ ለተወዳዳሪዎች እንዲያካፍል አዘዙ፤ ለአፕልና ለሌሎች መክፈሉን ግን ፈቀዱ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገበያውን ቀይሮታል ብለዋል። በማግስቱ የአልፋቤት አክሲዮን 9 በመቶ ገደማ ዘለለ። ሕግ ጥሰሃል ተብሎ የተፈረደበት ኩባንያ ዋጋው በአንድ ቀን እንዲህ ከጨመረ፣ ባለ አክሲዮኖቹ ፍርዱን እንዴት እንዳነበቡት ግልጽ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም ከቴል አቪቭም የሚሠራው የአማርኛ መገናኛ ብዙኃን አብዛኛው የሚኖረው በዩቲዩብና በፌስቡክ ላይ ነው። ዩቲዩብ ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለባለ ቻናሉ ሰጥቶ 45 ይወስዳል፤ ነገ 60 እወስዳለሁ ቢል የሚሄዱበት ሌላ ቤት የለም። ካናዳ ያለ ወገናችን ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በፌስቡክ የዜና ማገናኛ አያይም። መንግሥት ለዜና ይከፈል የሚል ሕግ ሲያወጣ ሜታ ዜናን በሙሉ ከአገሩ አነሳ፤ የውጭ አገር ዜናም አብሮ ተነሳ።

እኛ ብቸኛ ሻጭን እናውቀዋለን። ሳፋሪኮም በ2022 አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ ስልክ ከአንድ መንግሥታዊ ድርጅት ሌላ የሚሰጠን አልነበረም። ያ ግን በአዋጅ የመጣ፣ ባለቤቱም ተጠያቂውም የሚታወቅ ብቸኝነት ነበር። አሁን የምንናገረው ማንም ያላወጀውን፣ እኛው በጣታችን በየቀኑ የምናጸናውን ነው።

ሕግ የለንም እንዳንል በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ይከለክላል። የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና የውድድር ፕሮቶኮልም በየካቲት 2023 እዚሁ አዲስ አበባ በመሪዎች ጉባኤ ጸድቋል። አንዳንድ አፍሪካውያን ወንድሞቻችን ግን ከወረቀቱ አልፈዋል። ናይጄሪያ በሐምሌ 2024 ሜታን 220 ሚሊዮን ዶላር ቀጣች፤ ከክሶቹ አንዱ ለናይጄሪያውያን የሚሰጠው ጥበቃ ለሌሎች አገሮች ሰዎች ከሚሰጠው ያነሰ ነው የሚል ነበር። ሜታ ፌስቡክን ከአገሩ አነሳለሁ ብሎ አስፈራራ፤ የናይጄሪያ የውድድር ትሪቡናል ግን ቀድሞ በሚያዝያ 2025 ቅጣቱን አጽንቶት ነበር። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ክስ ሳትመሠርት የገበያ ምርመራ አካሄደች። የውድድር ኮሚሽኗ የዜና ድርጅቶችንም መድረኮቹንም ጠርቶ ሰማ፣ ሰነድ ጠየቀ፣ በኅዳር 2025 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ጉግል ለአገሪቱ መገናኛ ብዙኃን 688 ሚሊዮን ራንድ የሚያወጣ ድጋፍ እንዲሰጥ ተስማማ።

እንዲህ ያለ ምርመራ አሥር ዓመት አይፈጅም፣ የጠበቃ ሠራዊትም አይፈልግም። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ከሚሠራው የመስመር ላይ ማስታወቂያ ቢጀምር፣ ስንት እንደሚገባ፣ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ፣ በምን ውል እንደሚወስድ ጠይቆ ለሕዝብ ቢያወጣ፣ በአዋጁ የተሰጠውን ሥልጣን ከመጠቀም ያለፈ ምንም አያስፈልገውም። የአማርኛ ዜና አዘጋጆችና የቻናል ባለቤቶችም ገቢያችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁና፣ ሚኒስቴሩ እስኪጠራችሁ አትጠብቁ፤ አቤቱታችሁን ጽፋችሁ አስገቡ።